ተያዥ ያለው ዌብሳይት

«ለወንድ ነው ለሴት?» አለች ትሩፋት፣ ሦስት የሕፃን ኮፍያ መስታወቱ ላይ እየደረደረች።

«ምኑ?»

«የወለድሽው ነዋ። ወይስ አራስ ልትጠይቂ ነው የምትሄጂው?»

ልጅቷ ጥቁር ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ወደ ኋላ ዞር አለች፤ ሌላ ሰው የተጠየቀ መስሏት። ማንም የለም። «እኔ እንኳ የመጣሁት ለሱቁ ነው» አለች።

ትሩፋት ኮፍያዎቹን አንድ ባንድ ሰበሰበች፤ ፊቷም አብሮ ተሰበሰበ። «ሱቁ እስከ ሰኔ ሠላሳ የእኔ ነው። ለእትዬ ተናኘወርቅ ንገሪያቸው። ገና ዕቃዬን ሳላወጣ ፋርማሲስት ልኮ ግድግዳ ማስለካት ደግ አይደለም።»

«ኧረ እኔ መድኃኒት አላውቅም። ኦንላይን ሱቅ የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ ተብዬ ነው። ቤተልሄም ነኝ፤ ትናንት በስልክ ተነጋግረን ነበር።»

ከጎን ካለው የጨርቅ ሱቅ የሐሚዳ ሳቅ ተሰማ። ሁለቱን ሱቆች የሚለያቸው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ትሩፋት ቤት የተባለ ነገር ሁሉ ሐሚዳ ቤት ይሰማል፤ ሐሚዳም ሰምታ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። «ልጅቱን አወለድሻት፣ ቀጥለሽ ፋርማሲስት አደረግሻት» አለች በግድግዳው በኩል። «ቁጭ በይ በያት እንጂ።»

ትሩፋት ለነፋስ ስልክ እናቶች አዲስ ሰው አይደለችም። አስራ አራት ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ ሱቅ ተቀምጣ የሕፃን ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ብርድ ልብስና አንቀልባ ሠርታ ሸጣለች። አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ከታክሲ ይወርዳል፣ ባዶ እጁን መሆኑ ትዝ ይለዋል፣ ቀና ሲል የትሩፋትን ሱቅ ያያል። ንግዷ የቆመው በዚህ ነው፤ በሰው እርሳታ። አሁን ግን አከራይዋ እትዬ ተናኘወርቅ ልጃቸው ፋርማሲ ልትከፍትበት ነው ብለው ልቀቂ ብለዋታል። ያገኘችው ቤት ፉሪ ነው፤ ያውም ከአስፋልቱ ርቆ፣ ገና ግንባታው ባላለቀ ሰፈር ውስጥ። እዚያ ባዶ እጁን መሆኑ ትዝ የሚለው መንገደኛ ፍየል ብቻ ነው፤ ይህን ያለችው ሐሚዳ ናት። ስለዚህ ትሩፋት ከመውጣቷ በፊት ደንበኞቿ በስልካቸው የሚያዙበት፣ ሞተረኛ የሚያደርስበት ሱቅ ያስፈልጋታል። እሱ ካልተሠራ የአስራ አራት ዓመት ደንበኛ እዚሁ አስፋልት ላይ ይቀራል። ይህን ታውቃለች፤ ስለምታውቅም ከግንቦት ልደታ ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

ቤተልሄም በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። የሠራቻቸውን አሳየች፤ አንድ የጫማ ሱቅ፣ አንድ ማር የሚሸጡ ባልና ሚስት፣ አንድ የመጽሐፍ መደብር። ጣቷን ስታንሸራትት ማሩ ከነማሰሮው ይመጣል፣ ይሄዳል። ቀጥላ ትሩፋትን ትጠይቅ ጀመር። ኮፍያው ስንት ዓይነት ቀለም አለው? ልኩ በወር ነው በሳንቲሜትር? ትዕዛዝ ሲገባ ማን ያየዋል? እጅዎ ክር ይዞ ስልኩን ባያዩትስ?

ትሩፋት ጥያቄዎቹን ወደደቻቸው። በተለይ የመጨረሻውን፤ እሷ ኪሮሽ ከያዘች ስልክ አይደለም ሰማይ ቢጠራት አትሰማም። መውደዷ ግን አላሸነፋትም፤ የራሷ ጥያቄ ነበራት።

«ተያዥሽ ማነው?»

«ይቅርታ?»

«ተያዥ። ዋስ የሚሆንሽ ሰው።»

ቤተልሄም ስልኳን ዝቅ አደረገች። «ለዌብሳይት?»

«ለማንኛውም ሥራ። ቤቴ በተያዥ ነው የሚገባው።»

ይህ ደንብ የወጣው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ትሩፋት እንባዋን አይታ ያለ ተያዥ የቀጠረቻት ሻጭ ግማሽ ማዳበሪያ ሱፍ ክር ይዛ ጠፋች። ግማሽ ማዳበሪያ የነበረው በዚያን ጊዜ ነው። ትሩፋት ታሪኩን በተናገረች ቁጥር ክሩ ስለሚጨምር ዘንድሮ ሁለት ማዳበሪያ ከአንድ ጆንያ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ሻጭ ቢሆን፣ ጥልፍ የምታግዝ ሴት ብትሆን፣ የተበላሸ መብራት የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ቢሆን፣ ደመወዝ ያለው ወይም በስሙ ቤት ያለው ሰው ፈርሞለት ካልመጣ ምንም አይነካም። ኤሌክትሪሺያኑ ስቆ ሄዷል፤ ትሩፋት አስራ አንድ ቀን በሻማ ሸጣለች።

«እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ» አለች ቤተልሄም። «አዲስ አበባ ከገባሁ ገና ስምንት ወሬ ነው። ለቡ ከጓደኛዬ ጋር ነው የምኖረው።»

«አጎት፣ አክስት?»

«የሉም።»

«የምትካፈዪበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ?»

«በስም አያውቁኝም። ግን የሠራሁላቸው ሰዎች አሉ። የማሩን ሴትዮ አሁን ልደውልልዎ፤ ይጠይቋቸው።»

«እሷንስ ማን ያውቃታል?» አለች ትሩፋት።

ቤተልሄም ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ አልተቆጣችም፣ አልለመነችም። ቁጥሯን ብቻ ሰጠች። ትሩፋት ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጥግ፣ ለክር መጠን መጻፊያ በምትጠቀምበት ቦታ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ቤተልሄም፣ የዌብሳይት። ተያዥ የላትም።» ቁጥሯንም ከሥሩ። «ተያዥ ስታገኚ ተመለሺ» አለቻት። ከልቧ ነው።

«አሁን ምን ጎደላት?» አለች ሐሚዳ፣ ልጅቷ ከወጣች በኋላ በበሩ ብቅ ብላ።

«ተያዥ።»

«ትሩፋት፣ ምን ትሰርቅሻለች? ዌብሳይቱን ራሷ ናት የምትሠራው። ይዛው ብትጠፋ የጠፋው የራሷ ሥራ ነው።»

«አንቺ ሁለት ማዳበሪያ ክር አልጠፋብሽም» አለች ትሩፋት፤ ጨዋታው በዚያ ተዘጋ።

በሳምንቱ ጆኒ የሚባል መጣ። ጆኒ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሱቁን በአንድ ዙር አይቶ ጨረሰ። «ማዘር፣ ይሄ ነገር ትልቅ ነው። እኛ አገር ውስጥ አናስብም። ዱባይ ያለች ሴት ወልዳ፣ ከአልጋዋ ሳትነሳ፣ ያንቺን ኮፍያ ክሊክ።» ዌብሳይቱ ላይ የሚያወራ ሕፃን ሊያደርግላት ፈለገ። ኮፍያው ስንት ቀለም እንዳለው አልጠየቀም። ግማሹን ክፍያ ግን በዚያኑ ቀን ጠየቀ።

«ተያዥ አለህ?» አለች ትሩፋት።

«አለ። ጓደኛዬ፣ አብረን ነው የምንሠራው።»

«እሱንስ ማን ያውቀዋል?»

«እኔ ነኛ።»

ትሩፋት ኪሮሿን አንስታ ካልሲ ጀመረች። ጆኒ ካልሲው ተረከዙ ጋ እስኪደርስ ድረስ ቆመና ሄደ።

ግንቦት እንዲህ እንዲህ እያለ አለቀ። እትዬ ተናኘወርቅ በየሁለት ቀኑ እየመጡ «እንዴት ነው፣ እየሰበሰብሽ ነው?» ይላሉ። ልጃቸው መደርደሪያ የሚሠራ አናጢ ይዛ መጥታ የትሩፋትን ጭንቅላት ሳትነካ በላይዋ በኩል በሜትር ለካች። ትሩፋት ያኔ መንደሩን ሁሉ መጠየቅ ጀመረች። ዌብሳይት የሚሠራ ሰው አታውቁም? ተያዥ ያለው?

ጋሽ ጌቱ የዕድሩ ዳኛ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ሆነው አንድ ሚስማር ሳይጎድልባቸው ጡረታ የወጡ ሰው በመሆናቸው፣ በነፋስ ስልክ የእሳቸው ቃል ከማኅተም እኩል ይታያል። አንድ ጠዋት፣ በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሰው፣ የእህታቸውን ልጅ አዶኒያስን አስከትለው መጡ። እጃቸው ላይ የቤት ካርታቸው ኮፒ፣ የጡረታ መታወቂያቸው ኮፒና ሁለት ጉርድ ፎቶ ነበር።

ትሩፋት ወረቀቶቹን ስታይ ዓይኗ በራ። ሴት ለልጇ ሽማግሌ ሲመጣ እንኳ እንዲህ አትደሰትም።

አዶኒያስ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ደፍቶ የሚናገር ልጅ ነው። «እትዬ ትሩፋት» አለ፣ «አንድ ነገር ላስቀድም። እኔ ዌብሳይት ላይ ገና...»

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ፊርማው ይለቅ» አለች ትሩፋት።

ጋሽ ጌቱ የተያዥነቱን ወረቀት ራሳቸው ጽፈው ነው የመጡት። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ከዚህ በላይ ስሙ የተጠቀሰው ግለሰብ ቢሰርቅ፣ ንብረት ቢያጎድል ወይም ቢሰወር በኃላፊነት የምጠየቅ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ፈረሙ። ሐሚዳ ለምስክርነት ተጠራች፤ እሷም ፈረመችና «የሠራውን እንየው እንግዲህ» አለች።

«ምኑን?» አለች ትሩፋት።

«ዌብሳይት ነዋ። ያቺኛዋ ልጅ ማር እንኳ አሳይታሽ አልነበር?»

«ጋሽ ጌቱ ፊት እንዲህ አይባልም» አለች ትሩፋት በለሆሳስ፤ ሐሚዳም ብዕሩን መለሰችና ወደ ጨርቋ ሄደች። አዶኒያስ አፉን ከፈት አድርጎ ነበር፤ ዘጋው።

ሥራው ተጀመረ። አዶኒያስ በየማለዳው ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ላፕቶፑን ከመክፈቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ በዝግታ ይጸልያል። ቻርጀሩ በአንድ በኩል ካልተደገፈ ስለማይሠራ ትሩፋት የክር ድውር አስደግፋለታለች። ስለ ታማኝነቱ ሐሜት የለም። አንድ ቀን ቤቱ ገብቶ ጃኬቱ ላይ ሁለት ክንድ ሪባን ተጣብቆ ቢያገኝ፣ ያንኑ ለመመለስ በዝናብ መጥቷል። ትሩፋት ሪባኑን ተቀብላ ወደ ሐሚዳ ግድግዳ ዞራ ጮክ ብላ አመሰገነችው፤ ሐሚዳ እንድትሰማ።

ዌብሳይቱ ግን አልነሳ አለ። መጀመሪያ ፎቶዎቹ ሁሉ ተለጠጡ፤ ኮፍያው እንደ አልጋ ልብስ ሰፋ። ከሁለት ቀን በኋላ ፎቶዎቹ ተስተካክለው መጡ። ቀጥሎ ልኮቹ ተምታቱ፤ ለአንድ ወር ሕፃን የተባለው ካልሲ አርባ ሁለት ቁጥር ሆኖ ተጻፈ። ከሦስት ቀን በኋላ ልኩ በየወሩ ተለይቶ፣ «ከአራስ እስከ ሦስት ወር»፣ «ከሦስት እስከ ስድስት» እየተባለ በሚያምር ሰንጠረዥ ገባ። «አየሽ» አለች ትሩፋት ለሐሚዳ። «ተያዥ ያለው ልጅ ማለት ይሄ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ያመጣዋል።»

«ከየት ነው የሚያመጣው?» አለች ሐሚዳ። «እዚህ ሲቀመጥ ያዝናል፤ አድሮ ሲመጣ ያውቃል።»

ትሩፋት ለዚህ ጆሮ አልሰጠችም። ሰኔ ገብቷል፤ ዝናቡ ጀምሯል፤ ግማሹ ዕቃ በካርቶን ታስሯል። ሦስት መቶ ካርድ አሳተመች፤ «ትሩፋት የአራስ ዕቃ» የሚል፣ ከሥሩ የዌብሳይቱ አድራሻ ያለበት፣ አንዲት ትንሽ አንቀልባ የተሳለችበት። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ትሰጣለች። «ከእንግዲህ መምጣት የለም፤ ቤትሽ ሆነሽ ማዘዝ ብቻ።»

የመጀመሪያዋ ፈታኝ ሐሚዳ ሆነች። በስልኳ ገብታ አንድ ነጭ ብርድ ልብስ መረጠች፤ ተጫነችው። ስልኩ «ትዕዛዝዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» አላት። ሐሚዳ ግድግዳውን አንኳኳች። «ደረሰሽ?»

«ምኑ?»

«ትዕዛዜ። ደርሶናል ይላል።»

ትሩፋት ስልኳን ገልብጣ አየች። ምንም የለም። «ምናልባት ኔትወርኩ ነው» አለች።

ሐሚዳ ደግማ አዘዘች። «አሁንም ደርሶናል ይላል። እናመሰግናለንም ይላል። ለማን ነው የደረሰው?»

አዶኒያስ ተጠየቀ። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፈረና «ዛሬ ይስተካከላል» አለ። በማግስቱም ዛሬ ይስተካከላል አለ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ፤ በአራተኛው ቀን መብራቱ መጣ፣ ኔትወርኩ ሄደ። ትሩፋት የጀመረችውን ካልሲ ሁለት ጊዜ ፈታች፤ እጇ ሲናደድ ጥልፉ ይጠብቃል፣ የጠበቀ ካልሲ ደግሞ የሕፃን እግር አያስገባም።

ሰኔ ሃያ አራት ቀን ወይዘሮ ተሾመች መጡ። ወይዘሮ ተሾመች የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወልድ ከትሩፋት ገዝተዋል፤ ሁለተኛዋ ስትወልድ ገዝተዋል፤ ሦስቱን የልጅ ልጆቻቸውን ለክርስትና ያለበሱት በትሩፋት እጅ ሥራ ነው። ገብተው አልተቀመጡም። ያችን ካርድ ከቦርሳቸው አወጡና መስታወቱ ላይ አስቀመጡ።

«እሁድ የአራተኛዋ የልጅ ልጄ ክርስትና ነበር» አሉ። «ባለፈው ማክሰኞ ብርድ ልብስና ኮፍያ አዘዝኩ። ደርሶናል አላችሁኝ። ዓርብ ጠበቅኩ፣ ቅዳሜ ጠበቅኩ። እሁድ ሌሊት ቤት ውስጥ ባገኘሁት ፎጣ ጠቅልለን ቤተ ክርስቲያን ወሰድናት።»

«እትዬ ተሾመች፣ እኔ እኮ...»

«ለእናንተ ደርሷል» አሉ ወይዘሮ ተሾመች። «ለእኔ አልደረሰም።» ካርዱን እዚያው ትተው ወጡ።

ትሩፋት ካርዱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ያሳተመችው ሦስት መቶ ነው፤ የቀራት አርባ ገደማ ነው። ስንት ሰው አዟል? ስንት ሰው በፎጣ ጠቅልሏል? እነማን እንደሆኑ እንኳ የምታውቅበት መንገድ የላትም። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ፉሪ ይከተሉኛል ያለቻቸው ናቸው።

መጋረጃውን ገለጠችው። «አዶኒያስ። ትዕዛዙ የት ነው ያለው?»

አዶኒያስ ከበርጩማው ተነሣ። «የትም የለም፣ እትዬ።»

«የትም ማለት?»

«ደርሶናል የሚለውን ጽሑፍ ነው የጻፍኩት። የሚያደርሰውን ግን... እሱን ገና አልሠራሁትም።»

«ታዲያ ለምን ደርሶናል ትላለህ?»

«ቦታው ባዶ ሲሆን አያምርም ብዬ ነው።»

በግድግዳው ወዲያ ሐሚዳ ዝም አለች። ሐሚዳ ዝም ስትል ነገሩ የምር ነው ማለት ነው።

ትሩፋት በማግስቱ የደንበኞቿን ስልክ ከአሮጌ ደብተር እየፈለገች ስትደውል ዋለች። ግማሾቹ ቁጥሩ አይሠራም፤ የቀሩት «እኛማ ዘጋሽ ብለን ነው» አሏት። በሦስተኛው ቀን የተያዥነቱን ወረቀት ከብረት ሣጥኑ አውጥታ፣ ሐሚዳን ምስክር ናት ብላ አስከትላ፣ ጋሽ ጌቱ ቤት ሄደች።

ጋሽ ጌቱ በረንዳ ላይ ሬዲዮ እየሰሙ ነበር። አጠፉት። ትሩፋት ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የተለጠጠውን ኮፍያ፣ አርባ ሁለት ቁጥሩን ካልሲ፣ የወይዘሮ ተሾመችን ፎጣ። «አራት ቀን ነው የቀረኝ፣ ጋሽ ጌቱ። እርስዎን አምኜ ነው። ይሄው ፊርማዎ።»

ጋሽ ጌቱ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች፣ ቀኑንም ጭምር አነበቡ።

«ሰረቀሽ?» አሉ።

«አልሰረቀኝም።»

«ንብረት አጎደለ?»

«ኧረ እንዲያውም ሪባን መልሷል» አለች ሐሚዳ፤ ምስክር እውነት መናገር አለበት ብላ።

«ተሰወረ?»

«የት ይሰወራል፤ በየቀኑ ማለዳ አንድ ሰዓት ተኩል ከተፍ ነው» አለች ትሩፋት፣ ምሬቷ አሁን ወደ እንባ እየተጠጋ።

ጋሽ ጌቱ ወረቀቱን በመጣበት እጥፋት አጥፈው መለሱላት። «እኔ የያዝኩልሽ ሦስቱን ነው። አንዱም አልሆነም። ሥራ ይችላል ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ብትጠይቂኝ ገና ሦስት ወር መማሩ ነው እልሽ ነበር። እሱም ሊነግርሽ አፉን ሲከፍት ፊርማ ይቅደም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ትሩፋት ወደ ሐሚዳ ዞረች። ሐሚዳ የጋሽ ጌቱን አበባ ታያለች።

ወደ ሱቁ ሲመለሱ አዶኒያስን ካርቶን ሲያስር አገኙት። ማንም እሰር አላለውም። ላፕቶፑ ቦርሳው ውስጥ ገብቷል። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ዛሬ እንኳ ያስጨርሱኝ» አለ። ትሩፋት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ፎቶዎቹን ያስተካከልኳቸው እኔ አይደለሁም። የልኩንም ሰንጠረዥ እኔ አይደለሁም። ሲጠፋብኝ የምጠይቃት ሰው ነበረች። ማታ እጽፍላታለሁ፤ ጠዋት እንዲህ አድርገው ብላ ትልክልኛለች። የትዕዛዙንም ልሥራልህ ብላኝ ነበር፤ ሙያዬ መስሎ ይታይልኝ ብዬ እኔ ራሴ ካልሠራሁት አልኩ። እሱ ጥፋቴ ነው።»

«ማናት?»

አዶኒያስ በአገጩ ግድግዳውን አሳየ። የቀን መቁጠሪያው ጥግ ላይ፣ ከክር ሒሳቡ ሥር፣ በትሩፋት በራሷ እጅ ጽሕፈት፤ «ቤተልሄም፣ የዌብሳይት። ተያዥ የላትም።»

«መጀመሪያ ቀን ነው ያየሁት» አለ። «ከእኔ የሚሻል ሰው ቁጥር ግድግዳ ላይ ተጽፎ ለምን እኔን እንደፈለጉ ገርሞኝ ነበር።»

ሐሚዳ ከዚህ ሁሉ በኋላ ምንም አለማለቷ ተመዝግቦ ይቀመጥላት። አንድ ጊዜ ብቻ ሳል ቢጤ ብሏታል።

በማግስቱ ትሩፋት ነጠላዋን ላስቲክ ደርባበት ለቡ ሄደች። ስልክ ደውላ ነበር፤ ቤተልሄም ያለችበትን ነግራታለች፤ መምጣትም ሆነ አለመምጣት እንደ ፍላጎትዎ ነው በሚል ድምፅ። ሚኒባሱ ከአስፋልቱ ማለቂያ አውርዷት ተመለሰ። ጭቃው ጫማዋን አንድ ጊዜ ወሰደባት፤ ኪሮሽ የለመደ እጅ ጭቃ ውስጥ ጫማ ሲያጠምድ ለሰው አያሳይ ነው። አሸዋ የሚጭኑ ሰዎች መንገድ አሳዩዋት። ቤተልሄም የምትሠራው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ፣ ግድግዳው ገና ባልተለሰነ ክፍል ውስጥ ነው። ወንበር ሳበችላት። ትሩፋት ጭቃዋን አይታ በጫፉ ተቀመጠች፤ ባለፈው ልጅቷ እሷ ሱቅ እንደተቀመጠችው።

«በእኔ ቦታ ሆነሽ እይው» አለች ትሩፋት። ይህን በሚኒባስ ውስጥ ስትለማመደው ረጅም ነበር፤ አሁን ግን ያጠረውን ብቻ አገኘች። «ክር ጠፍቶብኝ ያውቃል።»

«አዶኒያስ ነግሮኛል» አለች ቤተልሄም። «ሁለት ማዳበሪያ።»

«ግማሽ ነው» አለች ትሩፋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ሐሚዳ ባለመኖሯ ብቻ ነው የተቻላት።

ቤተልሄም ላፕቶፗን ወደ እሷ አዞረች። ዌብሳይቱ ተከፍቷል። የሚሠራውን አሳየቻት፤ የማይሠራውን አሳየቻት፤ የማይሠራው ይበዛል። ትዕዛዝ ሲገባ ስልኩ እንዲጮህ ማድረግ እንደሚቻል፣ እጇ ክር ከያዘ ደግሞ እስክታነሣው ድረስ በየአምስት ደቂቃው ደጋግሞ እንዲጮህ ለማድረግ ማሰቧን ነገረቻት። ትሩፋት ይህን ስትሰማ ያን ቀን የተጠየቀችው ጥያቄ ትዝ አላት። እጅዎ ክር ይዞ ስልኩን ባያዩትስ? ወር ከምናምን ሆኖታል። በዚያ ወር ውስጥ ይህች ልጅ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ሠርታ ብትሆን ኖሮ ወይዘሮ ተሾመች ያችን ሕፃን በነጭ ብርድ ልብስ ያስጠምቋት ነበር። ሰው በራሱ ሲናደድ የሚመታው ነገር ያጣል፤ ትሩፋት የላስቲኳን ጫፍ ጨመቀችው፣ ውኃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ጀምሪልኝ» አለች። «ዛሬውኑ። ተያዡም ይቅር።»

«አይ» አለች ቤተልሄም። «ተያዥ ስታገኚ ተመለሺ ነው ያሉኝ። አግኝቻለሁ።»

ከላፕቶፑ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ሰጠቻት። ትሩፋት ከፈተችው። ጽሕፈቱ የተጨነቀ ነው፤ ቃላቱ ከጋሽ ጌቱ ወረቀት ላይ መቀዳታቸው ያስታውቃል። «እኔ አዶኒያስ፣ ከዚህ በላይ ስሟ የተጠቀሰው ቤተልሄም ሥራውን እንደምትችል በዓይኔ አይቼ፣ እኔ ግን እንደማልችል በተግባር አረጋግጬ፣ ባትችል በኃላፊነት የምጠየቅ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ቀኑ ሰኔ ሃያ አምስት ነው። ከጎኑ አንድ ጉርድ ፎቶ በስቴፕለር ተመትቷል። በምስክርነት የፈረመችው ሐሚዳ ናት።

ትሩፋት ፊርማውን ሦስት ጊዜ አየችው። ያች ሐሚዳ፤ ጋሽ ጌቱ ቤት አብራ ስትሄድ ይህን ፈርማ ነበር የሄደችው። የጋሽ ጌቱን አበባ ማየቷም ለዚህ ነበር።

ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበችው። ስምንት ዓመት የኖረ ልማድ በአንድ ቀን ጭቃ አይለቅም፤ የጎደለውን ቃል ዓይኗ ራሱ ፈለገ።

«ስለ መሰወር አይልም» አለች፣ ሳታስበው። «ብትጠፊስ?»

ቤተልሄም ላፕቶፑን ወደ ራሷ መለሰችና መጻፍ ጀመረች።

«ከሦስት ቀን በኋላ ከሰፈር የሚጠፉት እርስዎ ነዎት» አለች።